«ጀልባ» የሚለው የቻይንኛ ፊደል በእርግጥ የኖኅን ቤተሰብ ይቆጥራልን?

ወደብ ዳር (ጠያቂ)

የተከበራችሁ አባላት፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ዳርቻ፣ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች የትኬት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በቅርቡ ወደ ዘጌ ከተሳፈሩት እንግዶች መካከል አንዲት ቻይናዊት «ጀልባ» የሚለውን ቃል በአገሯ ጽሕፈት እንድትጽፍልኝ ብጠይቃት በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝና ንባቡ «ቿን» መሆኑን ነገረችኝ። ስልኬ ይህን ጽሕፈት ስለማይጽፍ ቅርጹን በቃላት እገልጻለሁ። ፊደሉ ግራና ቀኝ ሁለት ክፍሎች አሉት። የግራው ክፍል ቁመቱ ረዘም ያለ ሳጥን መሰል ነገር ሲሆን፣ በአናቱ ላይ ዘንበል ያለ አጭር ጭረት አለው፤ በወገቡ አንድ አግድም መስመር ያልፍበታል፤ ከመስመሩ በላይና በታችም አንዳንድ ነጥብ ተቀምጧል። የቀኙ ክፍል ከላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተከፈቱ ሁለት እግሮች፣ ከሥራቸው ደግሞ አንድ አራት ማዕዘን አለው።

ደረሰኙን ያሳየሁት አንድ ወዳጄ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ የሰማውን ነገረኝ። እንደ እርሱ አባባል የግራው ክፍል «ጀልባ»፣ በቀኝ በኩል ከላይ ያለው «ስምንት» የሚለው ቁጥር፣ ከታች ያለው አራት ማዕዘን ደግሞ «አፍ» ነው። ስለዚህ ፊደሉ «ስምንት አፍ የተሳፈረበት ጀልባ» ማለት ይሆናል፤ ይኸውም ኖኅ፣ ሚስቱ፣ ሦስቱ ወንዶች ልጆቹና ሦስቱ ምራቶቹ ናቸው። ቻይናውያን ከባቢሎን ግንብ መበተን በኋላ ይህን ትዝታ በፊደላቸው ውስጥ ይዘው ሄደዋል ይላል።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ አስደስቶኛል። ገዳማትን ለማየት ለሚመጡት እንግዶችም ብነግራቸው መልካም ነበር። ነገር ግን ፊደሉን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሚያነቡት ሰዎች ስናገር ባዶ ወሬ የማወራ እንዳልሆን፣ ይህ አተረጓጎም መሠረት ያለው መሆን አለመሆኑን የምታውቁ ብታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዓባይ ማዶ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በጥንቃቄ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። እኔ የምህንድስና ትምህርቴን የተከታተልሁት በቻይና ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት በሙሉ የቋንቋ ትምህርት ነበር፤ ይህንኑ የጀልባ ታሪክም እዚያው ከሌሎች አፍሪካውያን ተማሪዎች ሰምቼዋለሁ። ወዳጅዎ ክፍሎቹን ሲነጣጥል ዓይኑ ያየው ልክ ነው። የግራው ክፍል በእርግጥ «ጀልባ» ነው፤ ለብቻው ሲቆም «ጆው» ተብሎ ይነበባል። ስሕተቱ ያለው በቀኙ ክፍል ላይ ነው።

አብዛኞቹ የቻይንኛ ፊደላት የሚሠሩት ሁለት ሥራ የተከፋፈሉ ክፍሎችን በማጣመር ነው። አንዱ ክፍል ቃሉ ከምን ዓይነት ነገር ወገን እንደሆነ ይጠቁማል፤ ሌላው ክፍል ግን ስለ ትርጉሙ ምንም ሳይናገር ቃሉ በግምት እንዴት እንደሚነበብ ብቻ ያመለክታል። ለጀማሪ ተማሪ ሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ «እናት» የሚለው ፊደል ነው። በግራው «ሴት»፣ በቀኙ «ፈረስ» አለበት። ፈረስ «ማ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ እናትም በቻይንኛ «ማ» ስለምትባል፣ ፈረሱ የተጠራው ለድምፁ ነው። ማንም ቻይናዊ እናቱን ከፈረስ ጋር የሚያገናኝ ታሪክ ከዚህ ፊደል አያወጣም፤ ቢያወጣም እናቱ የምትታገሠው አይመስለኝም።

«ቿን» የተሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። የቀኙ ክፍል፣ ማለትም ሁለቱ እግሮችና አራት ማዕዘኑ አንድ ላይ፣ ራሱን የቻለ አንድ ጥንታዊ ፊደል ነው፤ ንባቡም «የን» ነው። የጥንት ሊቃውንት በተራሮች መካከል የሚገኝ ረግረጋማ መሬት ብለው ፈትተውታል። ዛሬ ለብቻው የሚጽፈው ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ በሌሎች ፊደላት ውስጥ ግን ድምፅ ሰጪ ሆኖ ይኖራል። ይህንን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ወንድሞቹን ይመልከት። በግራው በኩል ጀልባን አንሥተን «ብረታ ብረት» የሚለውን ክፍል ብንተካ «እርሳስ» የተባለው ለስላሳና ከባድ ማዕድን ይሆናል፤ ንባቡም «ችየን» ነው። ስምንት አፍ የኖኅ ቤተሰብ ከሆነ፣ በእርሳስ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ለጀልባው የሚስማማው ፍቺ ለእርሳሱ የማይስማማ ከሆነ፣ ፍቺው ከፊደሉ የወጣ ሳይሆን ወደ ፊደሉ የገባ ነው ማለት ነው።

ይህ የእኔ የግል አስተያየትም አይደለም። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ሹ ሸን የተባለው ሊቅ፣ በ100 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ገደማ አዘጋጅቶ የጨረሰውና ልጁ በ121 ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀረበው «ሹዎወን ጂየዚ» የተባለ መዝገበ ፊደል አለ። በውስጡ 9,353 ፊደላት በ540 አርእስት ተከፍለው ተፈትተዋል። ሹ ሸን ስለ «ቿን» የሰጠው ፍቺ በጣም አጭር ነው፤ «ጆው» ማለት ነው፣ ከጀልባ ወገን ነው፣ ድምፁም «እርሳስ» ከሚለው ፊደል ተቆርጦ የተወሰደ ነው ይላል። እንግዲህ ከ1,900 ዓመት በፊት የነበረ ቻይናዊ ሊቅ ጀልባውን ከእርሳስ ጋር ያያያዘው በድምፅ ብቻ ነው ማለት ነው።

ወደብ ዳር

ጋሼ ዓባይ ማዶ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእርሳሱ ነገር በእርግጥ ከባድ ማስረጃ ነው። ሆኖም ወዳጄ መልስዎን አንብቦ ሁለት መከራከሪያ አቀረበ፤ እኔም ሳላደርስለት መቅረት አልወደድሁም። አንደኛ፣ ቻይናውያን የቤተሰብ አባላትን ሲቆጥሩ «አፍ» በሚለው ቃል ይቆጥራሉ ይላል፤ ይህ እውነት ከሆነ «ስምንት አፍ» ማለት «ስምንት ነፍስ» ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ይኸው የቀኝ ክፍል በግራው «ውኃ» ሲጨመርበት ሌላ ፊደል እንደሚሆንና እርሱም የጥፋት ውኃን እንደሚያስታውስ ሰምቷል። ውኃና ስምንት አፍ፣ ጀልባና ስምንት አፍ፤ ሁለቱ በአንድነት መገኘታቸው እንዲሁ በአጋጣሚ ነውን?

ደቀ መዝሙር

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቻይንኛ አልማርሁም፤ በአብነት ትምህርት ቤት ስለ ፊደልና ስለ ትርጓሜ ከተማርሁት ተነሥቼ ግን ጥቂት ልጨምር።

በኖኅ መርከብ ስምንት ነፍስ መዳኑን ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 3 ቁጥር 20 ጽፎታል። ይህን የሚያምን ሰው ከሩቅ ምሥራቅ ፊደል ምስክር አይፈልግም፤ የማያምነውም በደረሰኝ ጀርባ በተጻፈ ነገር አያምንም። በዚህ ጉዳይ መቸኮል የእኛ ዘመን ጠባይ ብቻም አይደለም። በ17ኛው ምእት ዓመት መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ በካንግሺ ንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት የነበረው ከኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የካቶሊክ ማኅበር የሆነው ፈረንሳዊው ዮአኪም ቡቬና ተከታዮቹ በቻይና ጥንታውያን መጻሕፍትና ምልክቶች ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስን ምሥጢር ሲፈልጉ ኖረዋል። የዚያው ማኅበር አባል የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ ከዚያ ቀደም ብሎ በእኛው ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ ሲያስተምር ቆይቶ በ1622 እ.ኤ.አ. ዐርፏል። ማኅበሩ በሄደበት አገር ሁሉ የሰዉን መጻሕፍት አጥብቆ መመርመሩ የሚመሰገን ነው፤ የተገኘው ሁሉ ግን የሚጠበቀውን ብቻ የሚናገር ሲሆን መጠርጠር ይገባል።

የእኛም ፊደል ከሥዕል መነሣቱን የሚያጠኑ ሊቃውንት ይናገራሉ። የ«በ» ስም ቤት፣ የ«መ» ስም ማይ ማለትም ውኃ፣ የ«ዐ» ስም ዐይን መሆኑ የዚያ ቅሪት ነው። ዳሩ ግን «መምህር» ብለን ስንጽፍ ሁለት ጊዜ ውኃ ጻፍን የሚል የለም። ጥያቄዬ ለሚያውቁት ነው፤ በቻይናውያንስ ዘንድ የግራው «ጆው» በእርግጥ የጀልባ ሥዕል ነበረን? ሥዕል ከነበረስ እንዴት ወደዚህ ሳጥን መሰል ቅርጽ ደረሰ?

ዓባይ ማዶ

የደቀ መዝሙርን ጥያቄ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አባል ስላለ ለእርሱ እተውና፣ ለሁለቱ መከራከሪያዎች ብቻ ልመልስ።

የአፉ ነገር እውነት ነው። ቻይናውያን «ቤተሰባችሁ ስንት ነው?» ሲሉ «ስንት አፍ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የሕዝብ ብዛትንም «ሰውና አፍ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጽፋሉ። ስለዚህ አተረጓጎሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው ጆሮ ቢጥም አይደንቅም። ሆኖም በአራት ማዕዘን የሚጻፍ ነገር ሁሉ ሰው ይቆጥራል ማለት አይደለም። ከላይ ያሉት ሁለት እግሮችም ቢሆኑ፣ ሹ ሸን በዚህ ክፍል ውስጥ የሚያያቸው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደሚፈስና እንደሚባክን ውኃ ነው። «ስምንት» የሚለው ፊደል ራሱ በመጀመሪያ ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡ ሁለት መስመሮች ሆኖ «መለየት፣ መክፈል» ማለት ነበር፤ ለቁጥሩ የተሰጠው በድምፅ ውሰት ነው።

ከውኃ ጋር የሚጻፈው ፊደል ደግሞ «የን» ይነበባል፤ ትርጉሙም «ዳር ዳሩን ይዞ፣ ተከትሎ» ማለት ነው። ሰው ከባሕር ዳር ተነሥቶ የሐይቁን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ዘጌ በእግሩ ሲሄድ ቻይናዊው የሚጠቀመው በዚህ ቃል ነው። የጥፋት ውኃ ዳር ስለሌለው፣ ፍቺው ከኖኅ ታሪክ ጋር እንኳን ሊስማማ ይጻረራል ማለት ይቻላል። በግራው የተቀመጠው ውኃ ነገሩ ከወንዝና ከሐይቅ ወገን መሆኑን ይጠቁማል፤ የቀኙ ክፍል «የን» በለኝ ይላል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ በዓይን የሚታይ ነገር ልጨምር። እንግዳዋ የጻፈችልዎትን ደረሰኝ አጉልተው ይመልከቱት። ዛሬ በዋናው የቻይና ምድር በሚሠራበት የኅትመት ቅርጽ፣ ሁለቱ እግሮች ብዙውን ጊዜ ከላይ በአጭር አግድም መስመር ተያይዘው እንደ ትንሽ በርጩማ ይታያሉ፤ በታይዋን ኅትመት ግን ተለያይተው «ስምንት»ን ይመስላሉ። ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሌላ የአጻጻፍ ዓይነትም አለ፤ በእርሱ ውስጥ ከሁለቱ እግሮች ሥር ያለው አራት ማዕዘን ሳይሆን እንደ ክርን የታጠፈ ጭረት ነው። አንባቢው ግን ሦስቱንም «ቿን» ብሎ ያነብባቸዋል። አፉ ወይም ስምንቱ የታሪኩ እምብርት ቢሆን ኖሮ ጸሐፊዎች እንዲህ እንደ ልባቸው ባልለወጡት ነበር።

ሰባታሚት

አንድ ነገር አልገባኝም። «ቿን»፣ «የን» እና «ችየን» በእኔ ጆሮ መጨረሻቸው ይቀራረባል እንጂ አንድ ድምፅ አይደሉም። የዛሬው ንባብ እንኳ እንዲህ ከተለያየ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ይመሳሰሉ እንደነበር በምን ይታወቃል? ድምፅ አጥንት የለው፣ ተቆፍሮ አይወጣም።

ዓባይ ማዶ

ተገቢ ጥያቄ ነው። ድምፅ ተቆፍሮ ባይወጣም በሦስት በኩል ይያዛል። በመጀመሪያ፣ ከቻይና ፊደላትን የተዋሱ ጎረቤቶች የተዋሱበትን ዘመን ንባብ በራሳቸው አፍ ጠብቀዋል። ጃፓናውያን በውሰት ንባባቸው ጀልባውን «ሴን»፣ «ዳር ዳሩን» የሚለውን «ኤን»፣ እርሳሱንም «ኤን» ይላሉ። በደቡብ ቻይና በካንቶንኛ ደግሞ ጀልባው «ስዩን»፣ ሁለቱ ወንድሞቹ «ዩን» ናቸው። ከመነሻው ተነባቢ በቀር ምን ያህል እንደሚገጥሙ ይመልከቱ።

ሁለተኛው መንገድ የቤት መምቻ መዝገቦች ናቸው። በ601 እ.ኤ.አ. «ቺየዩን» የተባለ፣ ፊደላትን ቤት በሚመቱበት ድምፅ የሚመድብ መዝገብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት መዝገቦች ሦስቱን ፊደላት በአንድ ቤት ሥር ያኖሯቸዋል። ሦስተኛው ከዚያ በፊት የነበሩት ጥንታውያን ግጥሞች ናቸው፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር ቤት እንደሚመታ ከእነርሱ ይለቀማል። የእኛ ቅኔ አዋቂ ቤት ያልመታ ስንኝ ሲሰማ ወዲያው እንደሚነቃ ሁሉ፣ አጥኚዎችም ዛሬ ቤት የማይመታው ጥንታዊ ስንኝ ሲገጥማቸው ድምፁ በየት በኩል እንደተለወጠ ይከተላሉ።

ጽሑፈ ጥንት

ዘግይቼ ደረስሁ፤ ይቅርታ። ስለ ግራው ክፍል፣ ማለትም ስለ «ጆው»፣ ደቀ መዝሙር የጠየቁትን ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ከዚህ ውይይት ሁሉ የሚጣፍጠው ይህ ነውና።

አዎን፣ ሥዕል ነበረ። የዚህ ፊደል ጥንታውያን ቅርጾች የሚገኙት በሻንግ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1250 ገደማ ጀምሮ፣ በበሬ የትከሻ አጥንትና በኤሊ የሆድ ቅርፊት ላይ በተቀረጹት የጥንቆላ ጽሑፎች ውስጥ ነው። ጠንቋዮች አጥንቱን በእሳት ሲተኩሱት ይሰነጠቅ ነበር፤ ከስንጥቁ መልስ አንብበው የንጉሡን ጥያቄ እዚያው ላይ ይቀርጹ ነበር። እነዚህ አጥንቶች «የዘንዶ አጥንት» እየተባሉ ለመድኃኒትነት እየተፈጩ ሲሸጡ ከኖሩ በኋላ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ዋንግ ዪሮንግ የተባለ ሊቅ በላያቸው ያለው ጭረት ጥንታዊ ጽሕፈት መሆኑን ለየ። ዋናው መገኛቸው በአንያንግ ከተማ አጠገብ ሲሆን፣ በመንግሥት ደረጃ ቁፋሮ የተጀመረው በ1928 ነው።

በአጥንቱ ላይ «ጆው» ሁለት ረጃጅም፣ ጥቂት የጎበጡ መስመሮች ናቸው፤ ጎን ለጎን ቆመው በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር መስመሮች ይያያዛሉ። የሚቆመው ሽቅብ ነው፤ ጽሕፈቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ቦታ እንዳይፈጅ ረዥሙ ነገር ሁሉ እንዲቆም ይደረግ ነበር፤ ከብቶችና አውሬዎችም ሳይቀሩ በኋላ እግራቸው ቆመው ተሥለዋል። ለእኛ ለጣና ሰዎች ልብ የሚባለው የጀልባው ጫፍ ነው። የእኛ የደንገል ታንኳ ከፊት ሹል ሆኖ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ የታሰረው ደንገል ወደ አንድ ጫፍ ሲሰበሰብ ሌላ መልክ ሊይዝ አይችልምና። የአጥንቱ ጀልባ ግን ጫፉ ሹል አይደለም፤ ሁለቱ ጎኖች ሳይገናኙ ይቆማሉ፣ ጫፉም እንደ ገበታ ደፍ ያለ ነው። በመካከል የሚያልፉት አጫጭር መስመሮች ጎንና ጎኑን የሚይዙ ሳንቆች እንደሆኑ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ። በቻይና ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ጀልባም ጥንታዊ ነው፤ በጀጂያንግ ክፍለ ሀገር በኩዋኹቻው ከጥድ ግንድ የተፈለፈለና 8,000 ዓመት ገደማ የሚሆነው ታንኳ ተገኝቷል። የፊደሉን ሥዕል የሠራው ሰው ግን ከዓይኑ ፊት የነበረው እንዲህ ያለው የግንድ ታንኳ ሳይሆን በሳንቃ የተገጣጠመ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ጀልባ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ቅርጹን የለወጠው የመጻፊያው መሣሪያ ነው። በነሐስ ዕቃዎች ላይ ኩርባው ለስለስ አለ። የቺን መንግሥት በ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቻይናን አንድ ባደረገ ጊዜ፣ በሚኒስትሩ በሊ ስ ስም የሚታወቀው የማኅተም ጽሕፈት ለሁሉም አንድ ቅርጽ ወሰነ፤ ጀልባውም ከላይ ጅራት መሰል ጭረት ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚህ ሁሉ የባሰው ለውጥ የመጣው ግን በቤተ መንግሥት አዋጅ ሳይሆን በተራ ጸሐፊዎች እጅ ነው። በቀርከሃ ቁራጭ ላይ በብሩሽ በፍጥነት የሚጽፍ የግብር ቤት ጸሐፊ ኩርባ መሳል ስለማይመቸው ኩርባውን ወደ ቀጥታ ጭረቶች ሰባበረው። ከመካከለኞቹ መስመሮች አንዱ ረዥም አግድም ሆነ፤ የቀሩት ወደ ነጥብነት ወረዱ። ወደብ ዳር ከአግድሙ በላይና በታች ያዩዋቸው ሁለት ነጥቦች እንግዲህ የዚያ ጥንታዊ ጀልባ ሳንቆች ቅሪት ናቸው። ዛሬ «ጆው» ስድስት ጭረት አለው፤ ከሃን ዘመን መጨረሻ ወዲህ መሠረታዊ መልኩ እምብዛም አልተለወጠም።

አሁን ወደ ኖኅ ጉዳይ ልመለስ፤ በዚህ ውይይት እስካሁን ያልተነሣ አንድ የዘመን ማስረጃ አለ። «ጆው» በሻንግ አጥንቶች ላይ አለ፤ «ቿን» ግን የለም። «ቿን» በጽሑፍ የሚታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻዎቹ ምእት ዓመታት፣ መንግሥታት እርስ በርስ በሚዋጉበት ዘመን ነው። የባቢሎን መበተን ትዝታ በፊደል ውስጥ የሚገኝ ቢሆን፣ በጥንታዊው «ጆው» ውስጥ ሊፈለግ በተገባ ነበር፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ስምንትም አፍም የለም። ሁለቱ ቃላት መጀመሪያ የአገር ልዩነት እንጂ የትርጉም ልዩነት አልነበራቸውም። በ18 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የሞተው ያንግ ሺዮንግ ስለ ዘዬዎች በሰበሰበው መዝገብ ላይ ከበሩ በስተ ምዕራብ ያሉት «ቿን»፣ በስተ ምሥራቅ ያሉት «ጆው» እንደሚሉ ጽፏል። «በሩ» የሃንጉ የተራራ መተላለፊያ ነው። የቺን ኃይል የተነሣው ከምዕራብ በኩል መሆኑን ሳስብ፣ «ቿን» በኋላ በመላው አገር ማየሉ አያስገርመኝም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ በ1919 የታተመውና እስከ ዛሬ በቻይናውያን ፕሮቴስታንቶች ዘንድ በሰፊው የሚነበበው መጽሐፍ ቅዱስ የኖኅን መርከብ «ቿን» አይለውም። የሚለው «ፋንግ ጆው» ነው። የዛሬ አንባቢ ይህን «አራት ማዕዘን ጀልባ» ብሎ ይረዳዋል፤ በጥንቱ አነጋገር ግን ጎን ለጎን የተቆራኙ ሁለት ጀልባዎች ማለት ነበር፤ ሹ ሸንም «ፋንግ»ን የሚፈታው እንዲሁ ነው። እንግዲህ ስምንቱ ነፍስ በሚሳፈሩበት ምዕራፍ ላይ፣ «ስምንት አፍ» አለበት የተባለው ፊደል ለመርከቡ ስም አልተመረጠም።

ወዳጅዎ ጀልባ የተደበቀበት ፊደል ማየት ከወደደ እውነተኛውን ላሳየው። «ፊት፣ ወደ ፊት» የሚለው ፊደል «ችየን» ይባላል። ዛሬ የሚያየው ሰው ጀልባ አያገኝበትም፤ ከላይ ሁለት ነጥብና አግድም፣ ከሥር በግራ «ጨረቃ» የሚመስል፣ በቀኝ «ቢላ» አለው። በጥንቱ ጽሕፈት ግን በጀልባ ላይ የተቀመጠ የሰው እግር ነበር። ሹ ሸን «ሳይራመዱ ወደ ፊት መሄድ» ብሎ ፈታው። ከላይ ያለው ጭረት የእግሩ ቅሪት ነው፤ «ጨረቃ» የመሰለው ራሱ «ጆው» ነው። ቢላው የመጣው ይህ ቅርጽ በአንድ ወቅት «መቁረጥ» ለሚለው ቃል ስለተጻፈበት ነው፤ ፊደሉ ጠቅልሎ ወደ «ፊት» ሲዞር፣ ለ«መቁረጥ» ሌላ ቢላ ከሥሩ ተጨመረለት፤ እናም ዛሬ ያ ፊደል ሁለት ቢላ ይዞ ይሄዳል። የቺን ንጉሠ ነገሥት ከ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ ለራሱ ብቻ ያደረገው «እኔ» የሚለው ቃል፣ «ጀን»፣ በውስጡ እንዲሁ ጨረቃ የመሰለች ጀልባ አለችበት።

ደቀ መዝሙር

ጽሑፈ ጥንት፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ስምንቱን ነፍስ ፍለጋ ወጥተን ሳይራመዱ መሄድን አገኘን፤ ለእኔ ይህ ይበልጣል። የእግሩን ፊደል በብራና ላይ በብርዕ ልሞክረው አስቤያለሁ።

ወደብ ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወዳጄም አንብቦ በእርሳሱና በ«ፋንግ ጆው» ነገር ተረትቻለሁ ብሏል፤ በውኃው ፊደል ላይ ግን ገና ያጉረመርማል። አሁን አንድ የሥራ ጥያቄ ቀረኝ። የትኬት ክፍላችን ሰሌዳ ቀለሙ ስለለቀቀ እንደገና ሊጻፍ ነው፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሥር በቻይንኛም እንዲጨመር አለቃዬ ፈቅዷል። «ጆው» ይጻፍ ወይስ «ቿን»? ሰሌዳ ጻፊያችን ፊደሉን የሚያውቀው እንደ ሥዕል ብቻ ስለሆነ የጭረቶቹን ቅደም ተከተል ብትነግሩኝ ደግሞ ይረዳዋል።

ዓባይ ማዶ

«ጆው» ዛሬ የግጥምና የተረት ቃል ነው፤ በሰሌዳ ላይ ብቻውን ቢጻፍ እንግዳው ፈገግ ይላል እንጂ ትኬት የሚሸጥበት ቦታ መሆኑን አይረዳም። «ቿን» ይጻፍ። ከፊቱ «ዮው» የሚለው ቢጨመር ደግሞ «ዮው ቿን» ይሆናል፤ የጉብኝትና የሽርሽር ጀልባ ማለት ነው፤ ሥራችሁም ይኸው ነው። «ዮው» በግራው ሦስት የውኃ ጠብታ ያለበት፣ 12 ጭረት ያለው ፊደል ነው፤ «ቿን» 11 አለው።

ለጻፊው እንዲህ ይበሉት። በ«ቿን» የግራው ክፍል መጀመሪያ በአናቱ ላይ ያለችው አጭር ዘንበል ያለች ጭረት ትጻፋለች፤ ቀጥሎ የግራው ጎን ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ ጣሪያውና የቀኙ ጎን ሳይነሣ በአንድ ጭረት ተጽፎ ከታች በመንጠቆ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የላይኛው ነጥብ፣ አግድሙ፣ የታችኛው ነጥብ በዚህ ቅደም ተከተል ይገባሉ። አግድሙ በግራ በኩል ከጎኑ ትንሽ ይውጣ፤ በቀኝ በኩል ግን የሚቀጥለውን ክፍል እንዳይነካ ከጎኑ አይለፍ። በቀኙ ክፍል ከላይ ያለውን ከዋናው ምድር ለሚመጡት እንግዶች አናቱ በአግድም የተያያዘውን ቅርጽ ቢጽፍ ይሻላል፤ አራት ማዕዘኑ መጨረሻ ይመጣል። ሁለቱ ፊደላት ጭረታቸው ቢለያይም እኩል ስፋት ባለው ካሬ ውስጥ መቀመጥ ስላለባቸው አስቀድሞ ካሬዎቹን በእርሳስ ያስምር። ቀለም ከመንካቱ በፊት የንድፉን ፎቶ እዚህ ቢለጥፉልን እኔና ጽሑፈ ጥንት እናየዋለን።